ደረጀ ከሩቅ ያሞቀው ቤት

ከመካከላችሁ በቤት ማሞቂያ መዘውር ሰበብ ከወዳጁ ጋር ተኳርፎ የሚያውቅ ይኖር ይሆን? እኔና ደረጀ ተኳርፈናል። ሰው ሲሰማ ይስቅብን ነበር፣ እኛም እንስቅ ነበር፤ ግን እውነት ነው። አንድ ክረምት ሙሉ በተገናኘን ቁጥር ጨዋታችን ከዚያ አይወጣም ነበር። ዛሬ ያንን ክርክር ሳስበው ሳቁ ቀርቶ ሆዴ ይባባል። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ ነገሬን ከሥሩ ስለምጀምር ግን ትንሽ ታገሱኝ።

ስንዱ እባላለሁ። የምኖረው አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ያለችው አውሮራ ነው። ዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር እገፋለሁ፤ ደረጀንም ያወቅኩት እዚያው ዊልቸር ስንገፋ ነው። አንድ ቀን ምሳውን ረስቶ መጥቶ ሲቅበዘበዝ አይቼ የያዝኩትን አካፈልኩት፤ ከዚያ ወዲያ «እህቴ» ብሎኝ ቀረ። ወንድም ስለሌለኝ እኔም አልጠላሁትም። በኋላ እሱ መኪና ገዝቶ ከአየር ማረፊያው መንገደኛ ማመላለስ ጀመረ፣ እኔ እዚያው ቀረሁ። «ዊልቸሩን ተይና ነይ፣ አብረን እንሥራ» ይለኛል። «ያንተ መንገደኛ ከኋላ ተቀምጦ ስልኩን ያያል፣ የእኔው ይመርቀኛል» እለዋለሁ። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባል የለ? እኛም እንደዚያ ነን።

የእኔ አፓርታማ አሮጌ ነው። መስኮቱ ሥር ራዲያተር አለ፣ ራዲያተሩ ጎን ላይ ክብ መዘውር አለ፣ መዘውሩ ላይ ከአንድ እስከ አምስት ተጽፏል። ሲበርደኝ ወደ አራት አዞረዋለሁ፣ ሲሞቀኝ ወደ ሁለት እመልሰዋለሁ። ክፍሉ ሲሞቅ መዘውሩ ውስጥ ያለው ነገር አብጦ የፍል ውኃውን መንገድ ይዘጋል፣ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ ይከፍታል። ይህንንም ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ ደረጀ ነው። እኔማ አዞራለሁ፣ ይሞቃል፣ አለቀ።

ደረጀ ደግሞ ዴንቨር ውስጥ አሮጌ የጡብ ቤት ገዛ። በየክፍሉ ሁለት ጎረምሳ የማያነሳው የብረት ራዲያተር ያለው ቤት ነው። የገባ ሰሞን የድሮዎቹን መዘውሮች አንድ ሳያስቀር ነቅሎ ስማርት የሚባሉትን ተከለባቸው። ባትሪ አላቸው፤ ውስጣቸው ትንሽ ሞተር አለ፤ ከስልኩ ጋር በዋይፋይ ይነጋገራሉ። የትም ይሁን የት ስልኩን ከፍቶ ሳሎኑ ስንት ዲግሪ፣ ማድ ቤቱ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ያያል። ሲፈልግ ይጨምራል፣ ሲፈልግ ይቀንሳል። የእሱና የሚስቱ የጽጌ ስልክ ከቤት ሲወጣ ቤቱ ራሱ ሰው እንደሌለ አውቆ ሙቀቱን ዝቅ ያደርጋል።

«አንድ ቀን ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ጋቢ ደርበህ እየተንቀጠቀጥክ አገኝሃለሁ» አልኩት።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለኝ።

«ቢያንስ የእኔው ወሬ አያመላልስም። ባዞረው ለማንም አይናገርብኝም።»

«የምትደብቂው ምን አለሽና?» ብሎ ሳቀብኝ።

በአንድ ነገር ብቻ አልቀለድኩበትም። ስልኩ ላይ የቤቱ ክፍሎች በየተራ ተደርድረዋል፤ ከሁሉም በታች ግን «እማዬ» የሚል አለ። እናቱ የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ደረጀ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ራዲያተር አስገዝቶላቸው፣ የሚሰካበትን ሶኬት ደግሞ ከስልኩ ጋር የሚገናኝ አድርጎ፣ ከዚህ ሆኖ ክፍላቸውን ያሞቅላቸዋል። እዚያ ሲመሽ እዚህ ገና ጠዋት ነው። ሹፌሮቹ «ሎት» በሚሉት የአየር ማረፊያው ማቆሚያ መኪናውን አቁሞ መንገደኛ ሲጠብቅ መጀመሪያ የሚነካው ያንን ነው። ከዚያ ይደውልላቸዋል። «አሁን ለቀቅከው፣ ደረሰኝ ልጄ» ይሉታል። አንድ ቀን አጠገቡ ሆኜ ሰምቻቸዋለሁ፤ ሳቅ ያለበት ድምፅ ነበራቸው። ከፋሲካ በኋላ ሄዶ ሊያያቸው ቲኬቱን ቆርጦ ነበር። ካያቸው ብዙ ዓመት ሆኖታል።

አንድ ዓርብ ጠዋት ሥራ ላይ እያለሁ ከኢትዮጵያ ተደወለልኝ። የደረጀ ታላቅ ወንድም ሙሉጌታ ነው። ስልክ ቁጥሬን ደረጀ ለክፉ ቀን ብሎ ሰጥቶታል።

«ስንዱ፣ ብቻሽን ነሽ?» አለኝ።

እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ምን ሊል እንደሆነ ታውቃላችሁ። ባዶ ዊልቸር አጠገቤ ስለነበር እሱ ላይ ቁጭ አልኩ።

«እማዬ አረፈች። ትናንት ነው። ዛሬ ቀበርናት። አደራሽን፣ ደረጀ ብቻውን እንዳይሰማ። መኪና ላይ እያለ እንዳይሰማ። እንደ ወጉ ሰው ተሰብስቦ ያርዳው።»

«ታመው ነበር እንዴ?»

«ጥቂት አሟት ነበር» አለ። ያቺ «ጥቂት» አልጣመችኝም፤ ግን የሚያለቅስ ሰው አይመረመርም። እሺ ብዬ ዘጋሁት።

መርዶ በማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ነው። እዚህ አገር ግን የማን ማለዳ? ደረጀ ጎህ ሳይቀድ አየር ማረፊያ ነው፣ ጽጌ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፣ የሚያረዳውም ሰው ሁሉ ሥራ አለበት። የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ተፈራ ዘንድ ደወልኩ። በሰው ሐዘን ብዙ የቆዩ ሽማግሌ ናቸው። «ቅዳሜ ለምሳ ወደ ቤት ይገባ የለ? እሱ ከወጣ በኋላ ለጽጌ እንነግራታለን፣ እቤቱ ተሰብስበን እንጠብቀዋለን» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ብቻ መሪ ጨብጦ እንዳይሰማ፣ ስንዱ» አሉ። ከዚያ በፊት አንድ የምናውቀው ሰው እየነዳ የአባቱን ሞት በስልክ ሰምቶ ከመንገድ ወጥቶ ነበር። ተርፏል፣ ግን ዛሬም በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የሁላችንም ጭንቀት አንድ ነበር፤ ደረጀ ይህን ነገር ብቻውን፣ መኪና ውስጥ እንዳይሰማው።

ቅዳሜ በረዶ ጥሎ አደረ። ደረጀ ከወጣ በኋላ ሄደን ለጽጌ ነገርናት። አማቷን በአካል አታውቃቸውም፣ በስልክ ነው የወደደቻቸው፤ ልቅሶዋ ግን እንደ ገዛ እናቷ ነበር። ሥራ ቦታዋ ደውላ ቀረች። ደረጀ ግን ሥራ የገባች ነው የሚመስለው። ጋሽ ተፈራ ስልኳን ተቀብለው ዘጉት። «ቢደውል ድምፅሽ ያጋልጠናል» አሏት። እሷም አልተከራከረችም።

ሰው መግባት ጀመረ። መኪኖቻችንን ራቅ አድርገን፣ ማዶ ካለው መንገድ ፓርክ አደረግን። ጫማ ሁሉ ከበር ተነስቶ ጓዳ ገባ። መጋረጃው እንደነበረ ቀረ፣ መብራት አልበራም። ከውጭ ላየው የሰው ዘር ያለበት ቤት አይመስልም። ሳሎኑ ግን ሞልቷል፤ ነጠላ የዘቀዘቁ ሴቶች፣ ኮት የለበሱ ወንዶች፣ ከሞንትቤሎ ሰፈር የመጡ አንዲት አሮጊት፣ መሐል ላይ ጋሽ ተፈራ ከነምርኩዛቸው። በሹክሹክታ ነበር የምናወራው።

ቤቱ ይቀዘቅዛል። የጽጌ ስልክ ስለተዘጋ ቤቱ ሰው የለብኝም ብሎ ዝቅ እንዳለ ነው። እኛ ስንገባና በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ደግሞ የነበረችውም ሙቀት ወጣች። አሮጊቷ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጭ ጀመር።

«ይኼ ነገር የሚለኮስበት የለውም እንዴ?» አሉ ጋሽ ተፈራ ጉልበታቸውን እያሹ።

«በእሱ ስልክ ነው፣ እኔ አልነካውም» አለች ጽጌ።

እኔ ደግሞ ዓይኔ እያየ ሰው በብርድ አያልቅም ብዬ ተነሳሁ። ራዲያተሩ ጎን ያለውን ነጭ መዘውር ይዤ እንደ ቤቴ አዞርኩት። ላዩ ላይ ቁጥር በራ፣ ውስጡ ዝዝዝ አለ፣ ጥቂት ቆይቶ ብረቱ ለብ ማለት ጀመረ። አሮጊቷ መዳፋቸውን አስጠግተው መረቁኝ። በልቤ «ስማርትም ሆነ ምን፣ ለእጅ ይታዘዛል» አልኩ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ደረጀ ነው።

 ጋሽ ተፈራ «አንሺ፣ ነገር እንዳይገባው» አሉኝ በእጃቸው። አነሳሁት።

«ስንዱ፣ የት ነሽ?»

«ቤት» አልኩ። የማን ቤት እንደሆነ አልተናገርኩም።

«እኔ ቤት ሌባ ገብቷል።»

«የምን ሌባ?»

«የሳሎኑን ራዲያተር ሰው በእጁ አዞረው። አሁን ስልኬ ላይ መጣልኝ። ጽጌ ሥራ ናት፣ ብደውል ስልኳ ዝግ ነው።»

ያዞርኩበትን እጄን አየሁት። «ተበላሽቶ ይሆናል። ባትሪው ሲደክም ይቀባጥራል ብለኸኝ የለ?»

«ባትሪውን የቀየርኩት ባለፈው ሳምንት ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አሉ። በጠራራ ፀሐይ ገብተው፣ ሙቀት ጨምረው፣ ተደላድለው ነው እንዴ የሚዘርፉኝ? ልዝጋውና ፖሊስ ኮል ላድርግ።»

ፖሊስ ሲል ቤቱን ዞር ብዬ አየሁት። ጨለም ያለ ሳሎን፣ ተሸሽገው የተቀመጡ ሽማግሌዎች፣ ምርኩዝ የያዙ ሰውዬ፣ እንግሊዝኛ የማይሰሙ አሮጊት። ሌባ አለ ተብሎ መሣሪያ የታጠቀ ሰው በሩን ሲበረግደው ታየኝ። 

«ለማንም እንዳትደውል። እኔ ነኝ» አልኩት።

«አንቺ? እኔ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?»

«የቤቴ ማሞቂያ ተበላሽቶ። በርዶኝ፣ ጽጌ ቁልፍ ሰጥታኝ ነው የመጣሁት።»

 ሳቀ። ከሆዱ ነው የሳቀው፤ ከስልኩ አልፎ አጠገቤ ያሉት ሁሉ ሰሙት። «ወይ ስንዱ! ያ የምትመኪበት መዘውር ጉድ ሠራሽ? በይ ዛሬ እንኳን እመኚ።»

«አምኛለሁ» አልኩት። ጋሽ ተፈራ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«በይ አይብረድሽ። ጠብቂ፣ ቤቱን ሙሉ ልልቀቅልሽ።»

እሱ እዚያ ሆኖ ስልኩን ነካ፣ እዚህ ቤቱ ተነሳ። መጀመሪያ ሳሎን፣ ቀጥሎ ኮሪደር፣ ቀጥሎ መኝታ ቤት፣ በየክፍሉ ያሉት ትንንሽ ሞተሮች ዝዝዝ እያሉ ተከፈቱ። ከምድር ቤት ቦይለሩ ሲያጓራ ተሰማ። ብረቶቹ ፍል ውኃው ሲገባባቸው መንጫጫት ጀመሩ። እኛ የእናቱን ሞት ልናረዳው ተሰብስበናል፤ እሱ ብርድ እንዳይነካን እያሞቀን ነው። ጽጌ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ነከሰችው። እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንደዚያ ያለ ነገር አንጀቴን በልቶት አያውቅም።

«ደረሰሽ?» አለኝ።

«ደረሰኝ» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የእናቱ ቃል መሆኑ ትዝ ያለኝ።

እሱም ትዝ ብሎት ይሁን እንጃ፣ ስለ እሳቸው አነሳ። «እኔ ሎቱ ላይ ነኝ፣ ዛሬ ሥራ ቀዝቅዟል። የእማዬን ክፍል ላሞቅላት ብል ሁለት ቀኑ ኦፍላይን ነው። መብራት ጠፍቶባቸው መሰለኝ። ሙሉጌታም ስልክ አያነሳ።»

መብራት አልጠፋም ነበር። ለቀስተኛ ሲገባ አልጋውንም ራዲያተሩንም ከነሶኬቱ ነቃቅለው አውጥተውት ነው። ይህን በኋላ ነው የሰማነው፣ ግን ያን ጊዜም ገምቼዋለሁ።

«መብራት ይሆናላ» አልኩት።

 ስልኩን ሲነካካ ይሰማኛል።

«ስንዱ።»

«አቤት።»

«ሳሎኑ ቶሎ ሞቀ።»

«ጨመርክልኝ አይደል?»

«አይደለም። ሳሎኔን አውቀዋለሁ። ብረቱ ከባድ ስለሆነ ክፍሉን ለማሞቅ ቀስ ነው የሚለው። እንዲህ የሚሮጠው የበዓል ቀን ሰው ሲሞላብን ነው።» ድምፁ ተለወጠ። «ስንት ሰው ነው እኔ ቤት ያለው?»

ምን ልበለው?  ያን ጊዜ ከወንዶቹ አንዱ ሳል አመለጠው፣ አፉን ቢይዘውም አልቀረም።

ደረጀ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው ቀጠለ። «ጽጌ ስልኳ ዝግ ነው። ሙሉጌታ አያነሳም። አንቺ እኔ ቤት ነሽ። የእማዬ ክፍል...» አለና ቆመ። ከዚያ «እማዬ ናት?» አለኝ።

ጋሽ ተፈራ ጣታቸውን እያወዛወዙ «የለም በይው፣ ይምጣ፣ እዚሁ ይረዳ» ይሉኛል። ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው። የለም ካልኩት ጥርጣሬውን ይዞ በዚያ በረዶ ይነዳል። አዎ ካልኩት በስልክ፣ ብቻውን ሰማ። የፈራነው ነገር በሁለቱም በኩል ቆሞ ይጠብቀዋል፣ እኔ መሐል ላይ ነኝ።

«ደሬ፣ የመኪናው ሞተር ተነስቷል?» አልኩት።

«መኪናው ቆሟል፣ ሞተሩ ግን አልጠፋም። ጠየቅኩሽ እኮ።»

«ሰምቻለሁ። ሞተሩን አጥፋውና ውረድ።»

«ለምን?»

«ውረድልኝ ወንድሜ። የጠየቅኩህን አድርግልኝ፣ አልዋሽህም።»

በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ገባ።

«የእኛ አገር ሹፌሮች አሉ እዚያ?»

«አሉ። ማዶ፣ አንድ መኪና አጠገብ ቆመው ያወራሉ።»

«ወደ እነሱ ሂድ።»

ሄደ። በረዶው ከእግሩ ሥር ሲሰበር ይሰማኛል። አልተከራከረኝም፤ ከዚያ በኋላ ሳስበው ያን ጊዜ አውቆታል። እርምጃው ቆመ። የሰዎች ድምፅ፣ አማርኛ፣ ሳቅ ቢጤ ሰማሁ።

«አጠገባቸው ነህ?»

«አጠገባቸው ነኝ። ንገሪኝ።»

«አዎ ደሬ። እማዬ ናት። ሐሙስ ዕለት አረፉ።»

አልጮኸም። ስልኩ ወደቀ መሰለኝ፣ ድምፁ ራቀ። ከሩቅ «እማዬ» ሲል ሰማሁት። ሕፃን ልጅ ከውጭ ሮጦ ገብቶ እናቱን ቤት ውስጥ ሲያጣ እንደሚጣራው ነው የተጣራው። ከዚያ ወንዶች ሲጯጯሁ ሰማሁ፣ «ምን ሆነ? ማነው? ያዘው፣ ያዘው» ሲሉ። የመኪና በሮች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። አንድ የማላውቀው ድምፅ ስልኩን አንስቶ «ማን ልበል?» አለኝ።

«እህቱ ነኝ። እናቱ አርፈውበት ነው። እንዳይነዳ አደራ።»

«ይዘነዋል እህቴ። አንለቀውም። እኛው ይዘነው እንመጣለን» አለኝ።

ሳሎኑ ውስጥ ተይዞ የቆየው ልቅሶ ያን ጊዜ ፈነዳ። ጋሽ ተፈራ ግን ቆመው እኔን ነበር የሚያዩት። «በስልክ፣ ስንዱ? እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይነገራል?» አሉኝ። በዕድሜዬ ቀና ብዬ መልሼላቸው አላውቅም። «ጠየቀኝ፣ ጋሼ። ጠየቀኝ እኮ» ብቻ ነው ያልኳቸው፣ ከዚያ እኔም አለቀስኩ።

ሲመጣ መኪናውን ሌላ ሰው እየነዳለት ነው። ከኋላው አብረውት ሎቱ ላይ የነበሩት ሹፌሮች ሥራቸውን ትተው፣ የማስጠንቀቂያ መብራት እያበሩ ተከትለውታል። ግማሾቹን ከዚያ በፊት በስም እንኳ አያውቃቸውም። ግራና ቀኝ ደግፈው አስገቡት። ቤቱ እንደ ምድጃ ግሏል። እሱ እንደለቀቀው ነው፣ የሚቀንሰው ሰው የለም፤ እኔም ዳግመኛ ያንን መዘውር ለመንካት እጄ አልታዘዘኝም። ሰው ሁሉ እንባና ላብ ተቀላቅሎበት፣ መስኮት ተከፍቶ የውጭው በረዶ እየታየ፣ ደረጀ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ተፈራ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱና፣ እንዳልሰማ ቆጥረው፣ እንደ ወጉ ከመጀመሪያው አረዱት። «ልጄ ደረጀ፣ የሰው ልጅ ሁሉ ወደዚህ ሲመጣ ለመሄድ ነው...» እያሉ። አጎንብሶ እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው። ሲጨርሱ ጉልበታቸውን ስሞ አለቀሰ። እሳቸውም ከዚያ በኋላ አልተቆጡኝም።

ሐዘን ላይ በተቀመጥንበት በሦስተኛው ቀን ሰው ቀለል ሲል አጠገቡ ጠራኝ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለኝ። «እኔ የእማዬን ክፍል የማሞቀው ማታ ማታ ነበር። ሰሞኑን ግን ቀንም ይሠራ ነበር። ቀንም ሌሊትም። ሰው በእጁ ያበራዋል። በየቀኑ አየው ነበር። ታዲያ ምን አልኩ መሰለሽ? ሙቀት ለመደች፣ ቀበጠች አልኩ። ደውዬ ቀለድኩባት። 'እማዬ፣ ዴንቨር ሆንሽ አይደል?' አልኳት። ሳቀች። ሳቋ ደከም ያለ ነበር።»

አንገቱን ደፋ።

«ሙሉጌታን ጠየቅኩት። 'ደህና ናት፣ ጉንፋን ቢጤ ነው' አለኝ። ለካ አልጋ ላይ ውላ ነው የምታድረው። ጎረቤት ያውቃል፣ ዘመድ ያውቃል፣ ቄሱ ያውቃል። 'ሐሳብ እንዳይገባህ ብለን ነው' አሉኝ። ቲኬት ነበረኝ እኮ ስንዱ። ቀኑን ማስቀደም ነበር። ያ ሶኬት ነገረኝ፣ እኔ ሰው አመንኩ።»

 እጁን ይዤ አብሬው ተቀመጥኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ስማርቱ ይሻላል ወይስ የድሮው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። እኔ ዛሬም ከአንድ እስከ አምስት የተጻፈበትን መዘውሬን ነው የማዞረው። ደረጀም የእሱን አልነቀለም። «እማዬ» የሚለውንም ከስልኩ ላይ እንዳላጠፋው አይቻለሁ፤ አልጠየቅኩትም። ልላችሁ የፈለግኩት ሌላ ነው። እኛ የምንደብቀው በክፋት አይደለም። ሙሉጌታ ወንድሙን ስለሚወድ ነው የዋሸው፤ እኔም በዚያ ቅዳሜ የዋሸሁት ስለምወደው ነው። መርዶ ለሰው በሰው መሐል መነገሩን ዛሬም እደግፋለሁ፤ እነዚያ ሹፌሮች ባይኖሩ ደረጀ ምን ይሆን እንደነበር እግዜር ነው የሚያውቀው። ግን ሞትን ለአንድ ቀን አቆይቶ በሰው መሐል መንገር አንድ ነገር ነው፣ በሽታን ደብቆ ልጅን ከእናቱ ማስቀረት ሌላ ነው። ሁለቱን አንድ ወግ አድርገን ይዘናቸው ኖረናል። ደረጀ ከቀብር መቅረቱን ይችለዋል። የማይችለው በዚያ በደከመ ሳቅ ላይ መቀለዱን ነው። አሁንም ያነሳዋል፣ በየሰበቡ።

ሐዘኑ ሲበተን ቤቴ ገብቼ ታላቅ እህቴ አበባ ዘንድ ደሴ ደወልኩ። አባታችን ከእሷ ጋር ናቸው። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልሰጣት፣ «አበባ፣ ከዛሬ ጀምሮ አባባን ትንሽ ቢያማቸው የዚያኑ ዕለት ንገሪኝ። ሐሳብ ይግባኝ ግድ የለም። እንዳትደብቂኝ» አልኳት።

አበባን ብታውቋት፣ ስልክ ላይ አፏ ለአፍታ አያርፍም። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

ቲኬት የቆረጥኩት የዚያኑ ዕለት ነው። አየር ማረፊያ ያደረሰኝ ደረጀ ነው፣ ገና ጥቁር ለብሷል። መንገዱን ሙሉ አላወራንም። ሻንጣዬን አውርዶ አስጨበጠኝና «ድረሺባቸው» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

በሕይወት ደረስኩባቸው። አልጋቸው አጠገብ ስቀመጥ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፣ ጉንጬን ዳሰሱ፣ እውነት እኔ መሆኔን ሲያረጋግጡ «ማን ነገረሽ ልጄ?» አሉኝ።

«የደረጀ እናት» አልኳቸው።

አባቴ የደረጀን እናት አያውቋቸውም። «እግዜር ይስጣቸው» አሉ።